የዘር በቆሎና የጭስ ማውጫው

ሥራነሽ በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ የምድጃዋን ጭስ ማውጫ ትጠርጋለች። ዘንድሮ ግን በጋውን ሙሉ በጭስ ስትታፈን ስለከረመች፣ ምድጃውን የሠራላትን ሰውዬ ያላማችበት ቀን የለም። ጣራ ላይ ወጥታ ቱቦውን ብታንኳኳው እፍኝ ጥላሸት እንኳ አልወረደም። «ጉድ እኮ ነው!» ብላ ወደ ቤት ገባች። ለካ ቱቦው ከቆጡ ሥር ጎኑ በሚስማር ተበሳስቷል! ከቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ለዘር የተሰቀለው በቆሎ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል።

«አምሳሉ!»

ባሏ አቀርቅሮ መጣ። «ምን ላድርግ? ጭስ ካላገኘ እኮ ነቀዝ ይጨርሰዋል።»

ሥራነሽ ቀዳዳዎቹን አልደፈነችም። አጎዛውን ከመደቡ ላይ ጎትታ ከበቆሎው ሥር አነጠፈችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ተኛ፤ አንተንም ነቀዝ እንዳይጨርስህ።»