ወገብ ላይ የተቀመጠ ውሃ ልክ

ባልየው እንደሚለው፣ ያደረገው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችውን ብቻ ነው። በእጁና በጉልበቱ ተደገፈ፣ ጀርባውን አቃና፣ ተነፈሰ፤ ከዚያ ወገቡን የሆነ ነገር ሰንጥቆት እዚያው ተደፋ።

አማቱ እንደሚሉት ደግሞ፣ የታዘዘውን ግማሹንም አላደረገም። «ምንጣፉን በእግሩ ገፍቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ወረደ። ሬዲዮው ዜናውን ጨረሰ፣ ዘፈኑ አለቀ፣ ማስታወቂያው አለፈ፤ እሱ እንደ ጠረጴዛ ተገትሮ ቀረ። ጠረጴዛ እንኳ አንዳንዴ ይነቃነቃል!»

ሚስቱ ልብስ ከምትተኩስበት ላውንደሪ መመለሷ ነበር። ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም ሰማች። ባሏ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማንን ልመን?» አለች።

«እኔን እመኚ እንጂ! የተሰበረው የማን ወገብ ነው?»

«ያየው ዓይን የማን ነው?» አሉ እናቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ባሏ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሥራ ላይ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «ሚዛኑ» ነው የሚሉት። ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አይቶ «እዚህ ጋ አብጧል» ካለ፣ መሣሪያ የሚያወጣው ሰው ሊያረጋግጥ እንጂ ሊከራከር አይደለም። ወገቡ ከያዘው ወዲህ ግን ቤት ውሏል። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፣ ኋላ ዝም አለ፤ ሰሞኑን ደግሞ ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ሚስቱን ያስፈራት ዝምታው ነው። የምትተኩሰው ሸሚዝ ቤቱን እንደምንም ይዞታል፤ ይህን ሰው ግን ምን እንደሚይዘው አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ ደውሎ ነበር። ወለሉ የሚነጠፍ ትልቅ አዳራሽ አለ። «እስከ ማታ ቁርጡን ንገረኝ፣ አለዚያ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎታል።

ጎኑ ተቀመጠች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። «እኔም እኮ ባለሙያዋ ጋ አብሬህ ነበርኩ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጉልበትህ ሥር ብርድ ልብስ እጠፍ አላለችህም? ጥቂት ተንፍስና እረፍ፣ ካመመህ ተው አላለችህም? ይሄ ማረፊያ ነው እንጂ ፈተና አይደለም ስትልህ እሺ ልጄ አላልካትም?»

 ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «ይህን ከቻልኩ አዳራሹን እችለዋለሁ ብዬ ነው» አለ። «አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ማን ያነጥፍልኛል?»

 መሬት ላይ በአራት እግር መሆን ለሌላው ሰው ስፖርት ነው፤ ለእሱ ግን የሥራ ቀን ነው። ውረድ ሲሉት ሥራ ጀመረ።

«ልድገመው» አለ በድንገት እየተነሳ። «አንቺ ባለሽው መንገድ። ፎርማኑ ሳይደውል።»

«ዛሬ ይቅርብህ። ገና አሁን ነው የወደቅከው።»

«ወለል ካላነጠፍኩ እኔ ምንድን ነኝ? ንገሪኝ!»

«ባል ነህ» አሉ አማቱ። «እሱም እየተሞከረ ነው።»

ማንም አልሳቀም።

እንደማይተው ስታውቅ ብርድ ልብሱን አራት እጥፍ አድርጋ ዘረጋችለት። እጁን ከትከሻው ሥር፣ ጉልበቱን ከዳሌው ሥር አደረገ። «ጣቶችህን ዘርጋ። አንገትህን አትስበር፣ መሬቱን እይ። ሆድህን አትልቀቀው። ትንፋሽህን አትያዝ።» ሁሉንም አደረገ። ሆኖም የሆነ ነገር ዓይኗን ቆረቆራት።

«ጠመሃል» አለችው።

«እኔ?» ሊስቅ ሞከረ። «ቀጥ ብያለሁ። ለእኔ ነው ቀጥታ የምታስተምሪው?»

ተነስታ ከመሣሪያ ቦርሳው ወለል የሚያስተካክልበትን ውሃ ልክ አወጣች። ሲሚንቶ የደረቀበትን ጠርዝ በቀሚሷ ጠርጋ ወገቡ ላይ አጋደመችው። በውሃ ልኩ መስታወት ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል አልቆመችም፤ ወደ ቀኝ ሸሸች።

«ቀኝህ ከፍ ብሏል።»

«ውሃ ልኩ ተበላሽቶ ነው። ገልብጪው።»

እንዲህ ነው የሚፈተሸው፤ ከእሱ አይታ ታውቃለች። የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ አዙራ መልሳ አስቀመጠችው። ቢበላሽ ኖሮ አረፋዋ ወደ ሌላው ጎን በሄደች ነበር። እንደገና ወደ ቀኝ ሄደች።

«ምን አለ?» አለ።

«ያንኑ።»

ያኔ ነው ቀኝ እጁን ያየችው። መሬት የነካው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነበር። ሲሚንቶ የሚያነሳበት፣ መዶሻ የሚይዝበት እጅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሰውነቱን ክብደት ጥሎበት አያውቅም። ሸክሙ ሁሉ በግራው ነው። «መዳፍህን ሙሉውን አሳርፍ» አለችው። አሳረፈ። አረፋዋ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ቆመች። «ቀኝ ጉልበትህንም ጫን፣ ቀስ ብለህ።»

ጫነ። አረፋዋ ተንሸራታ ሁለቱ መስመሮች መሃል ተቀመጠች።

«መጣ!» አለች ሚስቱ። ከዚያ ፊቱን አየች። ከንፈሩን ነክሷል፤ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ላብ ብቻ አልነበረም።

«ወገብህ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም፤ ቀኝ ጉልበቴ ነው።»

«እንዲህ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ?»

«ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? ከልጃችን መወለድ በፊት ጀምሮ ነው። ወደ ግራ ስጋደል ይተወኛል።» ድምፁ ተሰበረ። «ለማንም አልተናገርኩም። ለባለሙያዋም። ጉልበት የሌለው አንጣፊ ማን ይቀጥራል?»

ለጉልበቱ ሲል ወገቡን ሲያጣምም ኖሯል ማለት ነው። የሌላውን ወለል ጉብታ በዓይኑ የሚለይ ሰው የራሱን ሰውነት ዝንባሌ ቀጥታ ነው ብሎ ለምዶታል።

«ተው በቃ፣ ካመመህ ተው ብላለች!» ብብቱን ይዛ በጎኑ አስተኛችው። ብርድ ልብሱን ከሥሩ ስባ ጉልበቶቹ መሃል አስገባችለት። እጇን እንደያዘ ግድግዳውን ያያል።  አዳራሹ እዚያው ፊቷ ፈረሰ፤ ከአዳራሹ በኋላ የሚመጣውም ሁሉ።

ስልኩ ጠራ። አማቱ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩት። በዚህ ጊዜ ግን ሳይቀልዱ፣ «ፎርማኑ ነው» አሉ። «ልዝጋው፣ ልጄ?»

«አይዝጉት፣ እማማ። ለእሷ ይስጧት።»

ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ከዚያኛው ጫፍ የማሽን ድምፅና «ሚዛኑ! ምን ወሰንክ?» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ባሏ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ጮክ ብሎ ተናገረ፤

«ለሌላ ሰው ስጠው። ጉልበቴ አልቋል፤ ነገ ለባለሙያዋ እነግራታለሁ፣ ዛሬ ላንተ ነግሬሃለሁ። ከእንግዲህ ወለል አላነጥፍም።»