የአክስቴ ዘፈን በእኛ እጅ

አክስቴ በወጣትነቷ የዘፈነችውን ዘፈን የእኛ የሮክ ባንድ እንደገና ሊጫወተው ተነሥቷል። እሷ ሳትፈቅድ ግን መድረክ ላይ አላወጣውም ብዬ ነበርና፣ ከዝግጅቱ በፊት ወደ ልምምድ ክፍላችን ጠራኋት። ድምፅ እንዳያመልጥ አሮጌ ፍራሽ በለበሰው ግድግዳ ሥር ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

ዘፈኑ መካከል ላይ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው ከበሮው ዘገየ፤ ጊታሪስቱ ክሩን ስቦ ድምፁን አወላገደው፤ እኔም በድምፄ አብሬ ተንሸራተትኩ። አክስቴ እጇን አነሣች። ሁላችንም አቆምን።

«ቆይ፣ ቆይ! ይህን መንገዳገድ ከየት አመጣችሁት?»

«ከካሴትሽ ላይ» አልኳት።

«በጣም ነው የለፋንበት፣ እትዬ» አለ ከበሮ መቺው። «የድሮ ሰው እንዴት ረቂቅ ነበር እያልን!»

«የምን ረቂቅ! ካሴቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ መትታው ስለተበላሸ ነው እንጂ፣ እኛማ ቀጥ አድርገን ነበር የምንጫወተው።» ሳቁ ከነቦርሳዋ አንዘፈዘፋት። ጊታሪስቱ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

«መንገዳገዱን እንተወው?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ለምን ሲባል? ፀሐይ የጀመረችውን እናንተ ጨረሳችሁት። ያምራል፤ ተጫወቱት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ ድምፅ ግን ታንቋል። ማንን ፈርተሽ ነው?»

«አንቺን።»

«እንግዲያው ተገላገልሽ። በይ፣ ከመጀመሪያው!»

ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ። ከበሮ መቺው በእንጨቶቹ ምት ሰጠን፤ አፌን ስከፍት ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ።