ከሞጣ የተላከ ቀለብ

ጆንያው በመጣ በአራተኛው ቀንም አፉ እንደታሰረ ከጓዳው ጥግ ቆሞ ነበር። ይርጋነሽ ትጠጋውና ገመዱን ነካክታ ትመለሳለች፤ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ ተቀምጣ ሳትደላደል ትነሣለች።

ጤፉን የላከው ባሏ ሐብታሙ ነው። ከእርሱ ተለይታ ከሞጣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ወንድሟ ወደ ዘመነ ቤት ከመጣች አራት ወር ሆኗታል። ፍቺ ጠይቃለች፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩ እስኪወሰን ድረስ ሐብታሙ ቀለብ እንዲሰፍርላት አዟል። ትእዛዙን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። እህሉ ሲደርስ ግን ጭንቀት ያዛት። በእነርሱ ቀዬ የተኳረፈች ሚስት የባሏን እህል ጋግራ ከበላች ታረቀች ይባላል። አንዲት እንጀራ ብትቀምስ ክሱ የሚፈርስ፣ የመሬቱም እኩሌታ የሚቀርባት መሰላት።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ይህን ጆንያ ለታቦት ተስለሽው ነው?» አለቻት የዘመነ ሚስት አገሬ። «እኔ እኮ ከጎረቤት ዱቄት መበደር አፈርሁ!»

«ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ታገሺኝ።»

«እስከ ሐሙስማ አይጡ በልቶ ይታረቅልሻል!»

ረቡዕ ማለዳ ተሳፍራ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባች። በማግሥቱ የሐብታሙ አጎት አባባ ሰማው ከፍርድ ቤቱ ግቢ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ሐብታሙ ምሏል። መሬቱን አትካፈይው እንጂ እስክትሞቺ ድረስ በየመከሩ ቀለብሽን ይሰፍርልሻል። እርፍ የማትይዝ ሴት መሬት ምን ያደርግላታል?»

ልቧ ዋለለ። ሳያርሱ መብላት፣ ለዚያውም ዕድሜ ልክ! ከችሎት እስክትጠራ ግቢውን ስትዞረው ቆየች።

ተራዋ ሲደርስ «የላከልኝን እህል ብበላ ታርቄያለሁ ማለት ነው?» ብላ ዳኛዋን ጠየቀች።

«አይደለም። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ሕግ የሚሰጥሽ ነው፤ ብይ።»

«ከተፋታን በኋላስ?»

«ከዚያ ወዲያ አንቺን የመቀለብ ግዴታ የለበትም። ልጅ ስለሌላችሁም የልጅ ቀለብ አይኖርም። የሚደርስሽ ከጋራ ንብረታችሁ እኩሌታው ነው።»

የአባባ ሰማውን ነገር ተናገረች። ዳኛዋ ወደ ሐብታሙ ዞሩ። «ዕድሜ ልኳን ልትቀልባት በውል ትፈርማለህ?»

ሐብታሙ የጋቢውን ጫፍ አፍተለተለ። «ቃሌ አይበቃም ወይ?»

«ትፈርማለህ ወይ ነው ያልሁህ።»

ሐብታሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ይርጋነሽ ማፈግፈጉን አየች።

«እንግዲያው እኩሌታዬን» አለች።

ፍቺው በዚያው ዕለት ተወሰነ፤ መሬቱና ከብቱ እኩል እንዲካፈሉ ተፈረደ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ለእርሷ፣ አንዱ ለሐብታሙ ደረሰ። ደጅ ስትወጣ ግን ዕረፍት አላገኘችም። ከዛሬ ጀምሮ ቁራሽ የሚያበድራት እንጂ ሊያበላት የሚገደድ ሰው የለም። ሰኔ ገብቷል፤ የእርሷ ድርሻ በክሱ ምክንያት አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም።

«አባባ ሰማው» አለች ተከትላ፤ «አንድ በሬ ያለው፣ ከበሬዬ ጋር አቀናጅቶ የእርሱንም የእኔንም የሚያርስ ሰው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። «ሐብታሙ አለልሽ! እርሱም እኮ በአንድ በሬ ቀርቷል።»

«ሌላ ሰው።»

«ይህን ጊዜ በሬው ያልተያዘ ማን አለ ብለሽ? ሁሉም ቀድሞ ተቀናጅቷል።»

ሰማዩ በስተምሥራቅ ጠቁሯል። ይርጋነሽ ነጠላዋን አጥብቃ አደገደገችና የመጀመሪያውን ደጃፍ ልታንኳኳ ቁልቁል ገሠገሠች።