ፀሐይ ያላየው ሽጉጥ

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እትዬ። ሰው ሳይሞላ እንጨርሰው።»

ክንዴ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከዳሱ መካከል በቆመው አልጋ ላይ የአባታቸው የአያ ያርጋል ዕቃ ተደርድሯል፤ ጥቁሩ ካባ፣ ለበዓል ብቻ የሚለብሱት ጃኖ፣ ጭራቸው፣ ጠርዙ የተበላው ዳዊታቸው። ቀኑ ሣልስት ነው። ከደባርቅም ከዳባትም ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ ሰዉም ሟቹ ማን እንደነበሩ የሚያነበው ከዚያ አልጋ ላይ ነው። ክንዴ በጃኖውና በዳዊቱ መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ትቷል።

ሸጊቱ በአንገቷ ክር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ጨበጠች። አባቷ ቃላቸው ሊዘጋ ሲል ከራሳቸው አንገት አውልቀው በመዳፏ ያስቀመጡላት ነው። ምንም አላሏትም። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፈው በቁልፉ ላይ ዘጉላት፤ ያ ብቻ።

«በሕይወት ሳሉ ሽጉጡን ከሣጥን አውጥተውት አያውቁም» አለች።

«ለዚያ አይደል ሰው እንደፈለገ ሲላቸው የኖረ።»

የሚለውን ታውቃለች። አጎታቸው አገኘሁ በገብስ ማሳ ድንበር ጠብ በጥይት ሲገደል ክንዴ ገና አልተወለደም፤ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር። አያ ያርጋል የወንድማቸውን ደም ይመልሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ ከገዳዩ ጋር ታረቁ። ካህናቱ እልል አሉ። ምንጭ የሚወርዱት ሴቶች ግን እንስራቸውን እየሞሉ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች፣ «የያርጋል ቤት ወንድ የለበትም» ይሉ ነበር። ክንዴም አድጎ ይህንኑ ቄስ ትምህርት ቤት ሰማው፤ አፍንጫው እየደማ ወደ ቤት የገባባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፣ ሰው የሞተበት ድንበር ራሱ ጠፍቶ ማሳው ሁሉ በገበሬ ማኅበር ተከፋፈለ፤ ያች ወሬ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም።

«መሣሪያ እንደነበራቸው ሰዉ ይየው» አለ ክንዴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ አህመድ ይወስደዋል። ስምንት መቶ ብር ብሎኛል፤ ፈቃድ ያለው ገዢ አግኝቷል። እኔ ዳባት ቁጭ ብዬ ሱሪ እየሰፋሁ በሬ የምገዛበት ከየት አመጣለሁ? ተዝካራቸውን በባቄላ ንፍሮ ላውጣ?»

ስምንት መቶ ብር አራት በሬ ነው። ማኅበሩም የሟች መሣሪያ እስከ አርባው ቀን በወራሽ ስም ይዙር፣ አለዚያ ይመለስ ብሏል። ክንዴ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሸጊቱ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች።

ከቀትር በፊት ዳሱ ሞላ። ከሊማሊሞ ገደል የወጣው ጉም ደጁን አልብሶት ስለነበር፣ የሚመጣው ሰው ለቅሶው እንጂ ፊቱ አስቀድሞ አይታወቅም። ዳሱ ውስጥ ዓይን ሁሉ አልጋው ላይ ነው። ስድስት ጎራሹ ሽጉጥ፣ እጀታው የቀንድ፣ አፈሙዙ ትናንት የተወለወለ መስሎ፣ በጃኖውና በዳዊቱ መካከል ተኝቷል።

«እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተኝተውበት ኖሩ» አለ አንዱ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ተጠግቶ።

«እኔ ብሆን በየሠርጉ አጮኸው ነበር።»

«አንተማ የገዛ እግርህን ነበር የምትመታ።»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

አልቃሿ ፋንታዬ ተነሣች። ሽጉጡን ከአልጋው አንሥታ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው።

«ቢተኛም ያርጋል ቃሉን ቋጥሮ፣
ሽጉጡ ይናገር ስንት ዓመት ታስሮ።»

ሰዉ ደረቱን ደቃ። ክንዴ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

አያ ገብረ ኪዳን ከዳሱ በር የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ዘንጋቸውን ተመርኩዘዋል፤ ልጃቸው ኪዳነ ማርያም ክንዳቸውን ይዟል፤ ዘመዶቻቸው እንጀራና ዳቦ በመሶብ ተሸክመው ተከትለዋል። አገኘሁን የገደሉት እኚህ የገደል ማዶ ሰው ናቸው። ከእርቁ በኋላ ግን በለቅሶም በክርስትናም ቀርተው አያውቁም። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አንድ ቅል ማር ይልካሉ፤ የሸጊቱ አባት ከማሩ በአንድ ጣት ይቀምሱና የቀረውን ለልጆቻቸው ይተዉት ነበር።

የሽማግሌው ዓይን የቅርቡን ትቶ የሩቁን የሚያይ ዓይን ነው። በሰው ራስ ላይ ከፍ ብሎ የተያዘውን አዩ። ቆሙ። ከኋላቸው የመጣው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ዞረው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሶቡም ወደ ዳስ አልገባም፤ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ሹክሹክታው ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓዳ ደረሰ።

«ማዶዎቹ አልገቡም።»

«ምን ሆንን ብለው?»

«እንጀራቸውን እንኳ ውጭ አስቀመጡት።»

ሸጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከሽማግሌው ፊት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አያ፣ ምን አጠፋን? ይግቡ እንጂ።»

የመለሰላት ኪዳነ ማርያም ነው። «ደሙን አውጥታችሁ አሳያችሁን። ምን ብለን እንግባ፣ እትዬ ሸጊቱ?»

«የምን ደም?»

አያ ገብረ ኪዳን ልጃቸውን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ሸጊቱን ትክ ብለው አዩዋት። «አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ያርጋል ለልጆቹ እንኳ አልተነፈሰም።»

ከዚያ በጣታቸው ወደ ዳሱ አመለከቱ። «ያ ሽጉጥ የእኔ ነበር፣ ልጄ። አጎትሽን የመታሁበት ነው።»

ነገሯት። ካህናቱ መስቀል ይዘው ከፊት፣ እሳቸው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከኋላ፣ ከምንጩ እስከዚህ ደጃፍ በጉልበታቸው ሲመጡ፤ ሸጊቱ ይህንን ራሷም ታስታውሳለች፤ ከእናቷ ቀሚስ ተከልላ አይታዋለች። የማታውቀው ከዚያ የሆነውን ነው። ሽማግሌዎቹ ለካሳ ከብት አቀረቡ፣ ብር አቀረቡ። አባቷ አልቀበልም አሉ። «መሣሪያውን ያምጣ» አሉ። ሽማግሌዎቹ፣ ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«በዚያው ሊገድለኝ ነው እያልኩ ሰጠሁት» አሉ አያ ገብረ ኪዳን። «ተቀብሎኝ በታቦቱ ማለ። ‹ይህ ከሣጥን ወጥቶ ፀሐይ ያየ ዕለት ደሙ ተነሣ በል። እስከዚያ ከልጆችህ ጋር ተኛ› አለኝ። ተኛሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ተኛሁ።»

ወደ ኋላ ዞረው የቆሙትን ወጣቶች አዩ። «እኔስ አርጅቻለሁ። እነዚህ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ከእንግዲህ ደባርቅ ገበያ ሲወጡ ከኋላ ማን መጣ እያሉ ነው። አንዱ ፈርቶ አንድ ቀን ቀድሞ ይተኩሳል። ያኔ ማን ያስታርቃል? ያርጋል የለ።»

ሸጊቱ ተነሥታ ወደ ዳሱ ሮጠች ማለት ይቻላል። ሽጉጡ ከአልጋው ላይ የለም። ክንዴንና አህመድን ከጎተራው ጀርባ አገኘቻቸው። አህመድ የዳባት ሱቅ ነጋዴ ነው፤ በጠዋት መጥቶ አልቅሶ፣ አሁን ሊመለስ ሲል ክንዴ ዕቃውን እንዲያየው ጠርቶታል። አህመድ የጥይቱን መዘውር አሽከረከረ። መምቻውን ወደ ኋላ ስቦ ጎንበስ ብሎ አየ። ደግሞ አየ።

«ክንዴ ወንድሜ፣ በለቅሶ ቀን ክፉ መናገር አልወድም» አለ። «ይህ መሣሪያ አይተኩስም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጥይቷን የምትመታው ሹል የለችም። ተሰብራ አይደለም፤ በሞረድ ተበልታለች። እያት፣ እንዳረጀ በግ ጥርስ። በብረትነቱ ከሆነ ሃያ ብር እሰጣለሁ፣ እሱንም ስለ አያ ያርጋል ስል።»

ክንዴ ሽጉጡን ተቀብሎ ጫፉን በጣቱ ነካካው። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ሸጊቱ ጎተራውን ተደገፈች። የሞረድ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። የእርቁ ዕለት፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ አባቷ ከደጃፉ መድረክ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ብረት ይሞርዱ ነበር። ተጠግታ «አባዬ፣ ማጭድ ነው?» አለቻቸው። «አዎን፣ የእኔ ልጅ፣ ማጭድ ነው» አሏት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። የብረቱ ብናኝ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ እንባቸውም እዚያው ይንጠባጠብ ነበር። ያን ጊዜ ገብሱ ገና ቡቃያ ነው። የማጭድ ወር አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት ይህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልገረማትም።

«እሳቸው ናቸው» አለች። ሽማግሌው የነገሯትንም፣ ራሷ ያየችውንም፣ ለክንዴ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ታዲያ ለእኔ አይነግሩኝም? ደም ባፍንጫዬ እየወረደ ስገባ እያዩኝ?»

«ቢነግሩህ ለሰደቡህ ልጆች ትነግር ነበር። አውጥተህ አሳየን ይሉህ ነበር፤ ቃላቸው ይፈርስ ነበር።»

«ለምንስ ሞረዱት? በሣጥን ከቆለፉ አይበቃም?»

«ቁልፉ በእጃቸው ነበር፣ ክንድዬ» አለች ሸጊቱ። «እጃቸውን አላመኑትም።»

ከዳሱ የፋንታዬ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዉ የሆነውን ሳያውቅ ያለቅሳል። ክንዴ ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሕፃን እንደሚሰጥ ሰው፣ ለእህቱ ሰጣት።

«ንፍሮው ይበቃቸዋል» አለ።

አህመድ ጥምጣሙን አስተካከለ። «ባቄላው በእኔ ነው» ብሎ፣ መልስ ሳይጠብቅ በቅሎውን ሊፈታ ሄደ።

ሸጊቱ ሽጉጡን ፀሐይ እንዳያየው ከነጠላዋ ሥር አድርጋ ወጣች፤ ክንዴ ተከተላት። አያ ገብረ ኪዳን ከድንጋዩ አልተነሡም። አጠገባቸው ተንበረከከች። ቀኝ እጃቸውን ይዛ ከነጠላው ሥር አስገባችው። ሽማግሌው ብረቱን ሲነኩ ደንግጠው እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ አጥብቃ ያዘቻቸው፤ አውራ ጣታቸውንም ሹሉ ከነበረበት ቦታ ላይ አሳረፈችው።

ጣታቸው ፈለገ። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። ያ መሣሪያ የእጃቸው ነውና የጎደለውን አላጡትም።

«መቼ?» አሉ።

«የእርቁ ዕለት፣ አያ። ያኔውኑ።»

አያ ገብረ ኪዳን አውራ ጣታቸውን ከዚያ ቦታ ሳያነሡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለዘመዶቻቸው በአገጫቸው ወደ መሶቡ አመለከቱ። ሴቶቹ አንሥተው ይዘውት ገቡ። እሳቸውም ተነሡ።

ዳሱ ውስጥ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከአልጋው ፊት ደርሰው፣ በጃኖውና በዳዊቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በእጃቸው ዳሰሱት። ሲመጡ የተመረኮዙትን ዘንግ ቀስ ብለው እዚያ አስተኙት። ሳይመረኮዙ ሲቆሙ እጃቸው በአየር ላይ የሚይዘውን ፈለገ።

ክንዴ ቀረበና ጫንቃውን ዝቅ አድርጎ ሰጣቸው።