የጋሼ ሽበሺ እምቢታ

ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ባጃጅ ገዝቷል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሁሉም ሰው ራሱን ጎበዝ ብስክሌተኛ አድርጎ ይቆጥራል። ፒያሳ ደርሶ መመለስ ማንን ያቅታል? ዳገት የምንለው ታቦርን ነው፤ እሱንም ብስክሌታችንን እየገፋን በእግራችን ነው የምንወጣው። እኔና ጋሼ ሽበሺ የምንኖረው እዚያው ታቦር፣ በአንድ አጥር ተለያይተን ነው። እሳቸውን ሰፈራችን ዳገት ላይ ብስክሌት ሲገፉ እንጂ ሲነዱ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከሐዋሳ እስከ ሀገረ ሰላም በሚደረገው የብስክሌት ጉዞ ተመዝግበዋል ሲባል አላመንኩም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው በአጥር በኩል የነገሩኝ።

"ይሄ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ ልቡም አብሮ ወጣ እንዴ?" አሉኝ፤ ግን እንደተናደደ ሰው አልነበሩም።

ጉዞው ውድድር አይደለም። አንደኛ የለም፣ ዋንጫም የለም፤ የደረሰ ደረሰ ነው። መንገዱ እስከ አፖስቶ ድረስ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ዝቅ ማለቱን ይተዋል። ጋሼ ሽበሺ ስልሳውን አልፈዋል፣ ብስክሌታቸውም ማርሽ የላትም።

እኔ በጉዞው ውስጥ የገባሁት በሙያዬ ነው። ሹፌር ነኝ። ጉዞውን ያዘጋጀው የብስክሌት ክለብ አይሱዙዬን ተከራይቶ ከሁሉም ኋላ እንድከተል አደረገ። የደከመውን ከነብስክሌቱ እንጭናለን፤ ብስክሌተኞቹ መኪናዋን "ለቃሚዋ" ይሏታል። ሥራው ለጠባዬ ይስማማል። ቀስ እያልኩ እነዳለሁ፣ ሰው ሲለፋ አያለሁ፣ ማንንም አልመክርም። የሰው ጉዳይ ውስጥ ገብቶ ያተረፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የክለቡ አስተባባሪ ሕዝቅያስ ነበር፤ ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ረጋ ያለ ልጅ። እኔ ያወቅኩት ግን በመድኃኒት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት የጋሼ ሽበሺን ልጅ፣ ሳያትን፣ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ አይሆንም የተባለው እሱ ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። እነ ጋሼ ሽበሺ ከጎንደር የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ሕዝቅያስ የሲዳማ ልጅ፣ ፕሮቴስታንት ነው። ሰፈሩ "ድሮስ ይሆናል ብሎ ነው?" ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ሳያት ግን አልዘጋችውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለአባቷ የምትመልሰው "እሺ" እና "ደህና" ብቻ ነው። ድሮ ማታ ማታ አባትና ልጅ ሲሳሳቁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው ቴሌቪዥኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳቃቸው ናፍቆኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተነሳን። ወጣቶቹ ገላቸው ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሰው፣ ባለ ማርሽ ብስክሌታቸውን ይዘው እንደ ንብ ወጡ። ጋሼ ሽበሺ በጨርቅ ሱሪ ነበሩ፤ ካቴናው እንዳይነክሰው ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። ቱላ ሳንደርስ የሁሉም መጨረሻ ሆኑ። ከመጨረሻው ሰው ኋላ መሆን ሥራዬ ነውና ቀኑን ሙሉ የእሳቸውን ጀርባ ሳይ ዋልኩ። ሕዝቅያስም አብሮኝ ሲያይ ዋለ፤ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

"ጋሽ አለሙ፣ ሌላ አስተባባሪ ቢተካኝ ይሻላል" አለኝ።

"ለምን?"

"የማሳድዳቸው ይመስላቸዋል።"

ዝም አይነቅዝም ብዬ መሪዬን ያዝኩ። እሱ ግን ካልተናገረ የሚፈነዳ ይመስል ቀጠለ። በወሩ መጨረሻ አርባ ምንጭ ወዳለው ቅርንጫፍ ሊሄድ ነው። ማንም አልላከውም፣ ራሱ ጠይቆ ነው። ሳያት በመድኃኒት ቤቱ በር ስታልፍ አይቶ እንዳላየ መሆን አቅቶታል።

"ጋሼ ሽበሺ አይሆንም ያሉ ቀን ሽማግሎቹን የመሩት የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ናቸው" አለ። "በእሳቸው ዘንድ አዎ አዎ ነው፣ አይደለም አይደለም ነው። ቤቱን ባርከው ወጡ። እምቢ ያለን ሰው መነዝነዝ ንቀት ነው አሉኝ። እኔም ልክ ናቸው አልኩ። አባቷን ልንቅ አልችልም።"

እኔም በልቤ ልክ ናቸው አልኩ። ሃይማኖት የገባበት እምቢታ ጠንካራ ነው። አርባ ምንጭም መጥፎ አገር አይደለም፤ ዓሣም ሙዝም አለ። ልጁ ግን አሳዘነኝ።

አፖስቶ ስንደርስ ሁለት ወጣቶች ጭነናል። በዚያ ሁሉ ልብስና በዚያ ሁሉ ማርሽ ጉልበታቸው ከዳቸው። ከኋላ ተቀምጠው ሙዝ እየበሉ ጋሼ ሽበሺ የት ላይ እንደሚወርዱ ይወራረዱ ጀመር። ጋሼ ሽበሺ መንገድ ዳር አንድ ሻይ ጠጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ዳገቱን ጀመሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ዳገት ይሄድ እንደሆን ግን የተናገረ የለም።

የክለቡ ደንብ ግልጽ ነው። አስተባባሪው የደከመውን ሰው አንዴ ይጠይቀዋል፤ እምቢ ካለ ይተወዋል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን መንገዱ ለመኪና ሁሉ ስለሚለቀቅ የቀረ ሰው ካለ ይጫናል።

የጋሼ ሽበሺ ብስክሌት መወላገድ ሲጀምር ጎናቸው ደረስኩላቸው። ሕዝቅያስ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ፣ ይጫኑ? ሰፊ ቦታ አለን።"

"አይሆንም" አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ሕዝቅያስ ተመልሶ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

"ይህን ቃል ከራሳቸው አፍ ስሰማው ገና የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። "ያን ጊዜ ሰው ነው የነገረኝ።"

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እንሰቱ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጋሼ ሽበሺ አንድ መታጠፊያ ላይ ከብስክሌታቸው ወርደው መግፋት ያዙ። አሥር እርምጃ ይገፋሉ፣ ቆመው ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ይገፋሉ። ከላይ ጭጋግ ይወርድ ነበር። እዚህ ላይ እኔም ጠባዬን ረሳሁ።

"ውረድና ደግመህ ጠይቃቸው" አልኩት።

"ደንቡ አንዴ ነው።"

"ደንቡን ያወጣው ጋሼ ሽበሺን የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ቤቴ መጥተው ሻይ ሳቀርብላቸው መጀመሪያ አልፈልግም ይላሉ። ቀጥለው ኧረ ተው ይላሉ። በሦስተኛው ይጠጣሉ። ባትደግምላቸው ተጠምተው ነው የሚሄዱት።"

"ሻይ ሌላ ነው" አለ።

"ሻይም አይሱዙም አንድ ነው። ውረድ።"

ወረደ። መስኮቴን ከፍቼ በአንደኛ ማርሽ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ የሚሉትን መስማት ስለፈለግኩ ነው፣ አልክድም። ሕዝቅያስ ጎናቸው ደርሶ "ጋሼ፣ እባክዎ፣ ጭጋጉ መጥቷል" አለ። "አይሆንም አልኩ እኮ" አሉት። እሱም አልተመለሰም። ጎን ለጎን ብዙ ሄዱ። በመጨረሻ ልጁ እጁን የብስክሌቷ መቀመጫ ላይ አደረገ።

"ልለምንዎ" አለ። "ለእኔ ሲሉ። አንድ ነገር ቢሆኑ ሳያትን ምን እላታለሁ?"

ጋሼ ሽበሺ ቆሙ። ይኸው ሦስተኛው፣ አልኩ። የእጅ ፍሬኑን ይዤ ወረድኩና የኋላውን ስፖንዳ አወረድኩ። ሙዝ የሚበሉት ልጆች ለብስክሌቷ ቦታ ለቀቁ።

"አለሙ፣ ምን ልትሆን ነው?" አሉኝ ጋሼ ሽበሺ።

"ብስክሌቷን ልጭን ነዋ።"

"ማን ጫን አለህ?"

"ያው… ሦስተኛው ስለሆነ…"

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" አሉኝ። ስፖንዳውን መልሼ አነሳሁት። አፈርኩ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

"ስንት ጊዜ ጠየቅከኝ?"

"ሦስት ጊዜ፣ ጋሼ። ይቅርታ።"

"ለመኪና ሦስት ጊዜ ትጠይቃለህ። ለልጄ አንዴ።"

ሕዝቅያስ ያየው እኔን ነበር፣ የምተረጉምለት ይመስል።

"ይሄ እምቢታ የእውነት ነው" አሉ ጋሼ ሽበሺ። "መኪናህ ላይ አልወጣም። ያኛው ግን የእውነት አልነበረም። ሽማግሎችህ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ እኔም እንደ ወጉ አይሆንም አልኩ። አባቴም ሲጠየቅ እንዲሁ ነበር የሚለው። ተነስተው ደጅ እንጠናለን፣ ቀጠሮ ይስጡን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጸልየው ባርከውኝ ወጡ። ስለ ሃይማኖቱ የምጠይቃቸው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ለሁለተኛው ቀን አቆይቼው ነበር።"

"እኔ… እምቢ አሉ ሲሉኝ…"

"አልማዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርዝ ትበጠብጥ ነበር። እነሱ ጠጅ አይጠጡም ብላ። እስከ ገና ድረስ በጠበጠች። ከዚያ ተወችው።"

እኔ ጎማ የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ያ ሁሉ ቅዳሜ እትዬ አልማዝ በአጥር በኩል አንድ ማሰሮ ብርዝ ያቀብሉኝ ነበር። ተረፈን ሲሉኝ ጠጥቼ ማሰሮውን እመልሳለሁ። ለማን ተበጥብጦ እንደተረፈ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

"ሳያት ታውቃለች?" አለ ሕዝቅያስ።

"ምን ብዬ ልንገራት? ተመልሰው ይመጣሉ ልበላት? ባይመጡስ? እኔ ላይ ብታኮርፍ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።"

"ቢደውሉልኝ እኮ…"

"የሴት ልጅ አባት ደውሎ ልጄን ለምን አትጠይቁኝም ይላል?" አሉ። "አርባ ምንጭ ልትሄድ ነው ሲሉኝ ተመዘገብኩ። ስመዘገብ የመጨረሻው መኪና ላይ ማን እንደሚሆን ጠየቅኩ። አንተ ነህ አሉኝ። የመጨረሻ መሆን እንደሆነ አያቅተኝም።"

"ታዲያ ጠዋት ቱላ ላይ ቢሳፈሩ፣ ስንሄድ ይነግሩኝ ነበር።"

"ደክሞት፣ እንደ ከረጢት ተጭኖ ነው አሳቡን የቀየረው እንዲባል? ያን የምለው በእግሬ ቆሜ ነው። ደግሞ እሺ አላልኩህም። የምጠይቀውን እጠይቃለሁ። ግን ደጄ አልተዘጋም።"

ሕዝቅያስ መቀመጫዋን እንደያዘ አለቀሰ። ድምፅ አላወጣም፤ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ጋሼ ሽበሺ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መለሱ።

"መጫን አልኩ እንጂ መግፋት አይቻልም አላልኩም" አሉት።

ገፋ። እሳቸው መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው ጎን ጎኑን ይሄዱ ነበር። ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ስለነበር መንገዱ ተለቅቋል፤ ከኋላዬ አንድ አውቶብስ ጡሩንባውን ይነፋል። ከስፖንዳው ላይ አንዱ ልጅ ጋቢናውን ደበደበ።

"ሹፌር፣ ደንቡ ይጫኑ አይልም እንዴ?"

"ተጠይቀዋል" አልኩት። "እምቢ ብለዋል።"

አውቶብሱን በእጄ እለፍ አልኩትና በአንደኛ ማርሽ ተከተልኳቸው። ከዳገቱ ጫፍ በመለስ ሕዝቅያስ በአንድ እጁ እየገፋ በሌላው ስልኩን አወጣ። ሲደውል ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር።

"ወንጌላዊ፣ ሕዝቅያስ ነኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ጊዜ አለዎት? … አዎ፣ እዚያው ቤት። … አዎ፣ አይሆንም እንዳሉ አውቃለሁ…"

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ብዙ አዳመጠ። ጋሼ ሽበሺ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ እያለከለኩ ነበር የሚሄዱት።

"ምን አሉህ?" አሉት።

"ሰው ይነዘነዛል ወይ አሉኝ። አይሆንም አሉ።"

"ደግመህ ጠይቃቸው" አሉት።