ዱቄት ያልደረሰው ጉብታ

ዴልማር የሟች እህቴ የላቮን ባል ነው። እኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ላኮታዎች ዘንድ ዋርሳ ከዋርሳው ጋር ካልተሰዳደበ ተኳርፏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለታችን የቁንጫ መግደያ ዱቄት ስንነፋ በዋልንባቸው ሜዳዎች ሁሉ አፋችን ተዘግቶ አያውቅም።

“ዋርሳዬ፣ የዱቄት መንፊያ ፓምፑን እንዲህ አቅፈሽ ከምትዞሪ ባል አታገቢም?” ይለኛል።

“አንተን አይቼ አይደል ባል የጠላሁት!”

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን ያታክታል። ፒስፒዛዎቹ፣ እነዚያ በኋላ እግራቸው ቆመው የሚጮኹት ጉድጓድ ቆፋሪ ፍልፈል መሰል የሜዳ እንስሳት፣ በየጉድጓዳቸው አፍ ዱቄት ይነፋላቸዋል። ቁንጫው ካለቀ እነሱን የሚፈጀው ቸነፈር የሚጋልበው ፈረስ ያጣል። ካላለቀ ግን ሜዳው በሙሉ ጸጥ ይላል። በምዕራብ በኩል ያሉት ሁሉ ጸጥ ብለዋል። የቀረን ላቮን በተቀበረችበት ጉብታ ላይና ሥሩ ያለው ሜዳ ብቻ ነበር፤ እኔና እሷ ጩኸታቸውን እየሰማን ያደግንበት። እሱም ጸጥ ካለ እሷን የት ሄጄ እንደማስታውሳት አላውቅም።

ጉብታው ለዴልማር ደርሶ ሜዳውን ተካፍለን ከነፋን በኋላ አንድ ጠዋት ስንመለስ ከታች የሚጮኹ ነበሩ፤ ጉብታው ላይ ግን ምንም። በሽቦ ጫፍ ነጭ ጨርቅ አስሬ ቁንጫ እንዳለ ለማየት ወደ ጉድጓዶቹ ሰደድኩ። ከታችኞቹ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከጉብታው ስስበው ቁንጫው እንደ ጤፍ ተነስንሶበታል።

“እዚህ አልነፋህም እንዴ?”

ዴልማር ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። “እሷ በተኛችበት መርዝ ልንፋ?”

መቆጣት ነበረብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር። እኔም ብሆን አልነፋም ነበር። ጉብታው ዛሬ ካልተነፋ ግን ቁንጫው የሞቱትን ፒስፒዛዎች ትቶ በታች ወዳሉት ይወርዳል።

“እኔ ልንፋው?” አልኩት።

ፊቱን ወደ ጉብታው አዞረ። በሕይወቴ ሳይሰድበኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

“ስማ እንጂ አንተ ጅል፣” አልኩት፣ “ላቮን ፊቷን ዱቄት ሳትቀባ ከቤት ወጥታ ታውቃለች?”

ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። ፓምፑን ከእጄ ነጥቆ ተንበረከከና በእግርጌዋ ያለውን ጉድጓድ ሞላው።

ከታች አንዲት ፒስፒዛ ጮኸች።

“ሰማሽ?” አለ ዴልማር።

ወደ እኔ አላየም። የጠየቀው ላቮንን ነበር።