የቀዩ ቁልፍ

«አባዬ፣ ፈጠን በል እንጂ! ልትጠፋብን እኮ ነው!» አለችው ልጁ።

መፍጠኑንስ እየፈጠነ ነበር። ግን በአንድ ትከሻው የሚስቱን ቦርሳ፣ በሌላው የቤተሰቡን ሹራብ ሁሉ አንጠልጥሎ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ የሚስቱን ምርኩዝ ወትፎ የሚሮጥ ሰው ምን ያህል ይፈጥናል? ከፊቱ ባለው የሰው ጎርፍ መሃል ሚስቱ የተቀመጠችበት፣ በባትሪ የሚሄደው ቀዩ ስኩተር ብልጭ ይላል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። የሚስቱ ነጭ ባርኔጣ ከሩቅ ይታያል። የልጅ ልጃቸው ጭኗ ላይ ቁጭ ብላ ክላክሱን ትጫናለች፤ ጢጥ! ጢጥ! ሰዉም እየሳቀ ግራና ቀኝ መንገድ ይለቃል።

ይኼ ሰው ዕድሜውን የረጅም መንገድ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው። የተኛ ተሳፋሪ ሳይቀሰቅስ አውቶብስ ማቆም ይችላል እየተባለ ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉት ነበር። እንግዲህ ያ ፍሬን፣ በጡረታ ዘመኑ፣ በበዓል ሰሞን ጠጠር መጣያ በሌለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ በገዛ ሚስቱ ተቀደመ።

«እማማ፣ ጥንቸሏ ላይ አድርጊው!» ትላለች ትንሿ።

«ኤሊዋ ላይ ይሁን!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። ማን ሰምቶት!

የስኩተሩ የፍጥነት ማዞሪያ በአንድ ጫፉ የኤሊ፣ በሌላው ጫፉ የጥንቸል ሥዕል አለበት። ጠዋት በር ላይ የስኩተር አከራይዋ ይኼንን ስታሳይ ሹፌሩ ጣልቃ ገብቶ ስለ መታጠፊያው፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ከፊት ካለው ሰው ስለሚተወው ርቀት ሊያስረዳ አፉን ከፍቶ ነበር። ሚስቱ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለችና እጀታውን ተጫነችው። ሄደች፣ በቃ። እሱ ክርኑን እንደዘረጋ እዚያው ቀረ።

ነገሩም ያለው እዚሁ ክርን ላይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሚስቱ ከልብስ ስፌት ቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ መታጠቢያ፣ ከበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሐኪም የምትሄደው በእሱ ክርን ነው። ግራ እግሯን ስትረግጥ ዘመም እንደምትል ያውቃል፤ ገና ከመዝመሟ በፊት ክንዱ ይጠነክራል። በሥራ ዘመኑ ግን ቤቱን እንደ ሆቴል አድሮበት የሚሄድ፣ ልጁ እንኳ ሲመጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ የምትደበቅበት አባት ነበር። ሚስቱ ያለ እሱ ልጅ አሳደገች፣ ያለ እሱ ቤት አሠራች፣ ያለ እሱ ታማ ዳነች። ይቅር ይበለውና፣ የሚስቱ ዳሌ ሲሰበር ነው ባል የሆነው። ጎረቤቶች «አቤት ሲያምርባችሁ፣ እንደ ሙሽራ ተያይዛችሁ!» ሲሉት ደረቱ ይነፋል። አሁን ይኼ በባትሪ የሚሄድ ቀይ ነገር ከየት መጥቶ ነው ቦታውን የሚቀማው?

ስሙ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሰው በጎረምሳ ይቀናል፣ በባልደረባ ይቀናል። አራት ጎማ ባለው ወንበር መቅናት መቼስ ለሰው አይነገርም። እሱ ግን አንጀቱ እርር እስኪል ቀና።

የባሰው ደግሞ የልጃቸው ዕቅድ ነው። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሳትመዝን አትናገርም፣ ከተናገረች ደግሞ ወደ ኋላ የለም። «ነገ እንሞክረውና እማዬ ከወደደችው ለራሷ እገዛላታለሁ» ብላለች ትናንት። እሱም እንደማትወደው ተማምኖ «እስቲ እናያለን» አለ። ይኸው አየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ አይደል?

እያለከለከ ሲደርስ ሚስቱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስኩተር ለስኩተር ተጠጋግታ ታወራለች። ሽማግሌው ሰማያዊ ስኩተር ላይ ተደላድሏል፤ ቆቡን ወደ አንድ ጆሮው አዘንብሏል፤ ጥርሱ አይከደንም።

«ይኼውልህ» አለችው ሚስቱ፣ ፊቷ ወዝ አውጥቶ፤ «የእሳቸው የኪራይ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። በየቀኑ ብቻቸውን ገበያ ይሄዱበታል።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻዬን!» አለ ባለቆቡ። «ልጆቼን አላስቸግር፣ ማንንም አልለማመጥ። እመቤቲቱም እኮ ይችሉበታል! ያንን ዳገት ሲወጡት አይቼ፣ እኚህስ ከእናታቸው ሆድም እየነዱ ነው የወጡት አልኩ።»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ ሹፌሩ። ማለት የፈለገው ሌላ ነበር፤ አፉ ላይ የመጣለት ይኼ ሆነ።

«የምኑ?» አለች ሚስቱና ሳቀች። ባለቆቡም ሳቀ። ትንሿ ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ሹፌሩ ፊቱን አጠቆረ።

ትንሽ እንደሄዱ ሚስቱን መጸዳጃ ቤት አሰኛት። መግቢያው ደረጃ አለው፤ ስኩተር አያስገባም። ሹፌሩ ሎተሪ የወጣለት ያህል ደስ አለው። «ነይ፣ ቀስ በይ፣ ያዢኝ» እያለ ክርኑን ሰጣት። ከመሄዳቸው በፊት ግን እጁ ሳይታዘዝ የለመደውን ሠራ፤ የስኩተሩን ቁልፍ ነቅሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሰው የሌለበት መኪና ላይ ቁልፍ አይተውም፤ ለእሱ ይኼ ሃይማኖት ነው። ቤት ውስጥ እንኳ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ እየነቀለ ኪሱ ስለሚከት ሚስቱ ቀሚሷን ለማውጣት እሱን መጥራት አለባት።

ሲመለሱ ልጃቸውና ትንሿ ለትልቁ ሽክርክሪት ወረፋ ሊይዙ ሄዱ። ሚስቱ ቀዩ ላይ ተመቻችታ ቁጭ አለችና «እስቲ ውሃ ግዛልኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለችው። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ውሃ መሸጫው ቅርብ ነበር፤ ወረፋው ግን አይጣል። ሊደርሰው ሲል ብር ለማውጣት እጁን ሸሚዙ ኪስ ሲከት ጣቱ ቁልፉን ነካ።

ክው አለ። ዞሮ ሊሮጥ አንድ እግሩን አነሳ። ያነሳውን እግር ግን መልሶ አስቀመጠው።

«ትንሽ ትቆይ» አለ በሆዱ። «ትፈልገኝ እስቲ። ምን ትሆናለች?»

ከወረፋው ወጥቶ ፊኛ ሻጭ ከደረደራቸው ፊኛዎች ኋላ ተሸጎጠ። ጉድ በሉ! የልጅ ልጅ ያየ ሰው የዝሆንና የቀጭኔ ፊኛ ተከልሎ ሚስቱን ይሰልላል።

ሚስቱ ማዞሪያውን አዞረች፤ እጀታውን ተጫነች። ቀዩ ንቅንቅ አላለም።

«ተኛህ አይደል፣ ጀግናው?» አለ ሹፌሩ በጥርሱ መሃል፣ ለስኩተሩ።

ሚስቱ ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። አንገቷን አስግጋ ወደ ውሃ መሸጫው አየች። እሱን ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ማንን? ደስ አለው። መጥፎ ደስታ ነው፤ መጥፎ መሆኑንም ያውቀዋል፤ ግን እስከ ጆሮው ድረስ አሞቀው።

ደስታው ዕድሜ አላገኘም። ያ ባለቆብ ከየት መጣ ሳይባል ከች አለ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንድ ነገር አላት፣ ሚስቱም ፍርስ ብላ ሳቀች። የሹፌሩ ዓይን ደም ለበሰ። «እስቲ ያስነሳልሽ! ይኼ ነው ሹፌርሽ!» አለና ካለበት አልወጣም።

ይኼኔ ከበሮ ተሰማ። የበዓሉ ትርኢት በዚያው ሰፊ መንገድ ሊያልፍ ነው። ሰዉ ልጁን አንገቱ ላይ እየሰቀለ ወደ ጠርዝ ተግተለተለ፤ ጥበቃዎች ገመድ ዘረጉ። ባለቆቡን ሰው እየገፋ ወዲያ ማዶ አሻገረው። የተለቀቀው መንገድ ላይ ሚስቱ ብቻዋን ቀረች። አንዱ ጥበቃ እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ መንገዱን ይልቀቁ፣ ትርኢቱ ደርሷል።»

«ቁልፍ የለውም እኮ። ባለቤቴ ጋ ነው።»

«ባለቤትዎ የት አሉ?»

መልስ ሳትሰጥ ከሰዉ መሃል አንድ ጎርናና ድምፅ «አሮጊት መንገድ ላይ ጥለው እየሄዱ ሰው ያስቸግራሉ!» አለ። ሌላው ደግሞ «ግፏትና አሳልፏት!» አለ። ሁለት ሰዎች ከኋላ ገፉት፤ ስኩተር ያለ ቁልፍ ፍሬኑ አይለቅም፤ ጎማው አስፋልቱ ላይ ተንጫጫ እንጂ አልተንከባለለም። የሚስቱ ባርኔጣ ወደቀ። አንድ ሰው ረገጠው።

«ማንም ጥሎኝ አልሄደም!» አለች ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ባሌ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ይመጣል!»

ሹፌሩ ይኼን ሰማ።

እውነቷን ነው። አንድ ተሳፋሪ ሻይ ቤት ገብቶ ሲዘገይ አውቶብስ ሙሉ ሰው እየሰደበው ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቅ ሹፌር ነበር። እፍረቱ ከእግሩ ተነስቶ አናቱ ላይ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ፣ ምን ብዬ ልውጣ ሲል ትንሽ ቆመ።

እሷ ግን መጠበቁን ተወችው። መሪውን ተደግፋ ተነሳች። ምርኩዟን ፈልጋ እጇን ሰደደች፤ ምርኩዟ የለም፣ እሱ ብብት ሥር ነው። ግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ወደዚያው ወደሚያውቀው ጎን ዘመም ስትል የሹፌሩ ክንድ ባዶ አየር ላይ ጠነከረ።

ፊኛዎቹን በጣጥሶ ወጣ። ሻጩ ሲሰድበው አልሰማም፤ በገመዱ ሥር ሾልኮ፣ የሰው እግር ረግጦ ደረሰና ከወገቧ ያዛት። አስቀመጣት። ቁልፉን ሰካ፤ ቀዩ ወዲያው ተነሳ።

«አባቴ፣ እንዴት ጥለዋቸው ይጠፋሉ?» አለ ጥበቃው። ሹፌሩ ከመሬት ዓይኑን አላነሳም።

ሚስቱ እስከ አንድ ግድግዳ ጥግ ነድታ አቆመች። ከኋላቸው ከበሮው ይደልቃል፤ ሰዉ ያጨበጭባል።

«ከየት መጣህ?» አለችው።

«ከውሃው ወረፋ።»

«ውሃውስ?»

እጁን አየ። ምርኩዝ፣ ቦርሳ፣ ሹራብ። ሚስቱ ወደ ትከሻው ተንጠራርታ አንድ የተበጠሰ ክር አነሳች፤ በሁለት ጣቷ አሽከረከረችው። ከዚያ ቀና ብላ ፊኛ ሻጩን አየች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም።

«ቆመህ ታየኝ ነበር?»

ሹፌሩ ሹራቦቹን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ቀናሁ» አለ ሹፌሩ።

«በሰውየው?»

«በሰውየውም። ይበልጥ ግን በዚህ ነው» ብሎ ቀዩን በምርኩዙ ነካ አደረገው። «ይኼ ቤት ከገባ እኔ ምን ልሠራ ነው? ምን ትይኛለሽ? አንዴ እንኳን ዞር ብለሽ አላየሽኝም እኮ፣ ከጠዋት ጀምሮ።»

ትስቅብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም። ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል» አለች፤ «ትኩሳት የያዛት ጊዜ፣ ተኝተህ ሳለ የአውቶብሱን ቁልፍ ከሱሪህ ኪስ አውጥቼ ትራሴ ሥር ደበቅኩት። ነገ አይሄድም፣ ይቅርልኝ ብዬ። ያንን አውቶብስ እንዴት እንደምጠላው! ሴት ቢሆን ፀጉሯን ነጭቼ በተገላገልኩ።»

«አላወቅኩም።»

«በምን ታውቃለህ? ሳይነጋ መለስኩት። ሰዉ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀዋል ብዬ።» ደገመችው። «እኔ መለስኩት። ዛሬ መንገድ ላይ ቆሜ የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ።»

ሹፌሩ ሄዶ የተረገጠውን ባርኔጣ ፈልጎ አነሳ፤ አራገፈው፤ ወረፋውን እንደ አዲስ ከጅራቱ ጀምሮ ውሃ ይዞ ተመለሰ። ተቀብላው ጠጣች። «ይቅር በይኝ» አለ። «ባርኔጣዬን ግን ትገዛለህ» አለች።

መውጫው ላይ አከራይዋ ለሽያጭ ያቆመቻቸውን ስኩተሮች አሳየቻቸው። ትንሿ ልጅ ያለ ቀይ አልሰማም አለች። ልጃቸው ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ የመኪና ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ሰበቡ ሁሉ አፉ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ የቤታቸው ደጃፍ፣ የሰፈራቸው ቁልቁለት፣ የባትሪው ዕድሜ። ይኼኔ ከበሩ ማዶ ሰማያዊው ስኩተር ብቅ አለና ባለቆቡ «እመቤቴ፣ ገበያ እንገናኝ!» ብሎ እጁን አውለበለበ። ሚስቱም አውለበለበች። ሹፌሩ ውስጡ እንደገና ተቃጠለ። ለምን ይዋሻል፣ ቅናት በአንድ ይቅርታ አይለቅም።

ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ተጫናቸው። ፍሬኑን ሞከረ። መብራቱን አብርቶ አጠፋ። ቢፈልግም እንከን አላገኘለትም።

«ይገዛ» አለ።

አከራይዋ ሁለት ቁልፍ የያዘ ቀለበት አወጣች። «አንዱ ለእሳቸው፣ ቅያሪውን ደግሞ እርስዎ ይያዙት አባቴ፤ ድንገት ቢጠፋ» ብላ ወደ እሱ ዘረጋች።

ያ ሳይታዘዝ የሚሠራው እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። ሚስቱ አየችው። ሹፌሩ እጁን መንገድ ላይ መለሰው።

«ሁለቱንም ለእሷ ይስጧት» አለ።